«ክሊር?» «የስ!»፦ በየቀኑ በአንድ ድምፅ የሚነገር ውሸት

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መምህሩ ግድግዳው ላይ የበራውን ስላይድ ያነባል። አንዱ ዐረፍተ ነገር ብቻውን አራት መስመር ይፈጃል። አንብቦ ሲጨርስ ወደ ተማሪዎቹ ዞር ይልና «ያው ምን ለማለት ነው...» ብሎ በአማርኛ በአጭሩ ያልፈዋል። ከዚያ ይጠይቃል፦ «ኢዝ ኢት ክሊር?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል፦ «የስ!»

ስላይዱ ይቀየራል።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ያለፈ ሰው ይህችን «የስ» ያውቃታል። ራሱም ብሏታል። ብዙ ጊዜ ገብቶት አይደለም፤ ያልገባው እሱ ብቻ እየመሰለው ነው። መምህሩም ያውቃታል፤ እሱም ተማሪ ሳለ ብሏታል። የዋህ ውሸት ትመስላለች። ግን ከመጀመሪያው ዓመት እስከ ምረቃ ትነገራለች፣ ዲግሪ ታስይዛለች፣ በመጨረሻም ሥራ ቦታ ላይ ትጋለጣለች፤ የመድኃኒት መግለጫ የሚያነብ ነርስ ፊት፣ የግንባታ ውል የሚያገላብጥ መሐንዲስ ፊት፣ የብድር መመሪያ የሚተረጉም የባንክ ሠራተኛ ፊት።

ውሸቷ ስትጋለጥ ጥፋተኛው ተማሪው ይሆናል። «የዛሬ ልጅ እንግሊዝኛ አይችልም» ይባላል። ይህ ክስ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሲነገር አይሰማም፦ ተማሪው እንዲማርበት የታዘዘውን እንግሊዝኛ በቅጡ ያስተማረው የለም።

*ሁለት ክፍል፣ አንድ ግድግዳ*

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ በፊትም በነበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው የተማሪው ብዛትና የመጣበት ቦታ ነው። በአንድ ወቅት ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ጥቂት የተመረጡ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 አልፏል፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ እንግሊዝኛን ከመማሪያ ክፍል ውጪ ሰምተውት አያውቁም።

ለዚህ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ያዘጋጀለት መድኃኒት ምንድን ነው? በ2012 ዓ.ም የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ሁለት የእንግሊዝኛ ኮርሶች አብረው መጡ፤ አንደኛውና ሁለተኛው ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ። በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ይሰጣሉ። ሞጁሉ ስለ ጤና፣ ስለ ባህል፣ ስለ ዱር እንስሳት ያነሳል። ተማሪው አጭር ምንባብ ያነባል፣ ባዶ ቦታ ይሞላል፣ ከጓደኛው ጋር ይወያያል፣ ይፈተናል፣ ይረሳዋል።

በዚያው ሳምንት፣ ከግድግዳው ማዶ ባለው ክፍል፣ ያው ተማሪ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ጂኦግራፊ፣ ሥነ ልቦና፣ ሎጂክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሒሳብ ይማራል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው። በጥቅሉ ቢሰላ በሳምንት ሦስት ሰዓት እንግሊዝኛ ይማራል፣ አሥራ አምስት ሰዓት ገደማ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይማራል። በሦስቱ ሰዓት ያገኘው ነገር በአሥራ አምስቱ ሰዓት አይጠቅመውም። በአሥራ አምስቱ ሰዓት የተቸገረበት ነገር በሦስቱ ሰዓት አይነሳለትም። ሁለቱ መምህራን በካፌ ሻይ ይጠጡ ይሆናል እንጂ ስለ ጋራ ተማሪያቸው ቁጭ ብለው አይነጋገሩም።

ከዚህ የባሰ ብክነት የለም። እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚሆን አሥራ አምስት ሰዓት በየሳምንቱ እየፈሰሰ፣ ሁሉም የሚጨቃጨቀው ስለ ሦስቱ ሰዓት ነው።

*የትኛው እንግሊዝኛ?*

«ሰላምታ መስጠት ይችላል፣ ፊልም ያያል፣ ታዲያ መጽሐፉ ለምን አቃተው?» የሚል ጥያቄ ይሰማል። መልሱን የካናዳው ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 አስቀምጦታል። የዕለት ተዕለት ንግግር ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። አንዱን ያወቀ ሌላውን አወቀ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው በቶሎ ይያዛል፤ ሁለተኛው ዓመታት ይፈልጋል።

አንዲት ቃል እንውሰድ፤ «ፓወር»። በታሪክ ሞጁል ውስጥ ሥልጣን ናት። በሒሳብ ከቁጥሩ አናት በስተቀኝ የምትቀመጠው ትንሿ ቁጥር ናት። በፊዚክስ ደግሞ ሥራ ለጊዜ ሲካፈል የሚገኘው መጠን ናት። «ኢንተረስት» በእንግሊዝኛ ክፍል ፍላጎት ነው፤ በኢኮኖሚክስ ክፍል ወለድ። ተማሪው ቃሏን «ያውቃታል»፣ ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። የማያውቃትን ቃል በመዝገበ ቃላት ይፈልጋታል። የሚያውቃት የመሰለችው ቃል ግን እያሳሳቀች እንደ ውሃ ትወስደዋለች።

ቃላቱ ግን ቀላሉ ክፍል ናቸው። ከባዱ አገነባቡ ነው። የገበሬ ልጅ የሆነ ተማሪ «ደኑ ተመነጠረ፤ አፈሩ ታጠበ፤ ምርቱ ቀነሰ» ቢባል ይገባዋል። ከመግባትም በላይ አባቱ ማሳ ላይ በዓይኑ አይቶታል። የጂኦግራፊው መጽሐፍ ግን እነዚህን ሦስት ግሦች ወደ ስም ይለውጥና «በደን ምንጠራ ምክንያት የሚከሰተው የአፈር መሸርሸር የሚያስከትለው የምርታማነት ማሽቆልቆል» ብሎ በአንድ ሐረግ ያስራቸዋል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ያ ልጅ የአባቱን ማሳ ታሪክ እያነበበ መሆኑን ሳያውቅ ሐረጉን ይሸመድደዋል። ዕውቀቱ ነበረው። ዕውቀቱ የተቆለፈበት ሳጥን ቁልፍ ግን አልተሰጠውም።

በዚህ ላይ ማያያዣዎቹ አሉ፤ «አንለስ»፣ «ዌርአዝ»፣ «ፕሮቫይድድ ዛት»። አንዷን «አንለስ» የሳተ አንባቢ የዐረፍተ ነገሩን ትርጉም ገልብጦ ይወጣል። የፈተና ትእዛዞችም አሉ፤ «ዲፋይን»፣ «ኤክስፕሌይን»፣ «ኮምፔር»፣ «ጀስቲፋይ»። ብዙ ተማሪ ለአራቱም አንድ ዓይነት መልስ ይጽፋል፤ ከሃንድአውቱ የሸመደደውን አንቀጽ። መምህሩ «አልገባውም» ብሎ ነጥብ ይቀንሳል። ምናልባት ጂኦግራፊው ገብቶታል። ያልገባው «ኮምፔር» ሲባል ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ ልዩነትና አንድነታቸውን በየትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚያስቀምጥ ነው። ይህን ደግሞ የእንግሊዝኛው መምህር «የጂኦግራፊ ጉዳይ ነው» ይለዋል፣ የጂኦግራፊው መምህር «የእንግሊዝኛ ጉዳይ ነው» ይለዋል።

*የቅኔ ቤቱ ያውቀዋል*

ቋንቋን ከዕውቀቱ ሳይነጥሉ በይዘቱ ውስጥ ማስተማር የፈረንጅ ፋሽን የሚመስለው ሰው ካለ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ይመልከት። ግእዝን አፉን የፈታበት ሰው የለም። ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከገጠር የሄደ የቆሎ ተማሪ ግእዝን ተምሮ ይቀኝበታል። እንዴት? ቅኔ ቤት የሚገባ ተማሪ ግስ ያጠናል፤ ግሱን ግን ለብቻው አጥንቶ አይቀመጥም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ቅኔ እየቆጠረ ለመምህሩ ያቀርባል፣ ይታረማል፣ ደግሞ ይቆጥራል። ለቅኔው ምስጢር ያስፈልገዋል፤ ምስጢሩን የሚያገኘው ከታሪኩና ከመጽሐፉ ነው። ቋንቋውና ዕውቀቱ አንድ ላይ ያድጋሉ። ትርጓሜ ቤት ሲገባ ደግሞ ንባቡ በግእዝ ይነበባል፣ አንድምታው በአማርኛ ይሰጣል። የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያሳፍር ድብቅ ነገር አይደለም፤ በይፋ የተሠራ ድልድይ ነው።

የወሎ መድረሳዎችም የሚያስተምሩት በዚሁ መንገድ ነው። የዐረብኛው ኪታብ ይነበባል፣ ሸኹ በአማርኛ ያብራራሉ፣ ደረሳው ነህውንም ፊቅሁንም ከዚያው ኪታብ ይቀስማል።

ሁለቱም ቤቶች ዓመታት ይጠይቃሉ፤ ሁሉም አይጨርስም። ግን አንድ ነገር አይደረግባቸውም፦ ያልገባውን ተማሪ በጅምላ «የስ» አስብሎ ማሳለፍ። ቅኔው ወይ ሞልቷል ወይ ጎድሏል፤ የሚታየው በተማሪው አፍ ነው።

*ሌላ ቦታስ?*

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አገር የመጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነበሩበት። የዕፅዋት ሳይንስና የትራንስፖርት ትምህርት ይማራሉ፤ እንግሊዝኛው ያቅታቸዋል። ቲም ጆንስና ቶኒ ደድሊ-ኢቫንስ የተባሉ የቋንቋ መምህራን ከሙያ መምህራኑ ጋር ተጣመሩ። የሙያው መምህር ያስተማረው ሌክቸር ይቀረጻል። የቋንቋው መምህር ከቅጂው ተነሥቶ መልመጃ ያዘጋጃል። ከዚያ ሁለቱም መምህራን በአንድ ክፍል ውስጥ ተገኝተው ተማሪው የቱ ጋ እንደጠፋ አብረው ያያሉ። የፈተና ጥያቄ ማንበብና መመለስንም እንደዚሁ አብረው አስተማሩ። የቋንቋው መምህር የድልድይ ምሕንድስና አልተማረም፤ የሙያው መምህርም ሰዋስው አልተማረም። እያንዳንዱ የጎደለውን ከጎኑ ከቆመው አገኘ።

በካናዳው ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 የሥነ ልቦና መግቢያ ኮርስ ለሁለተኛ ቋንቋ ተማሪዎች ተከፈተ። ኮርሱን የሚሰጠው የሥነ ልቦና መምህር ነው። ከእርሱ ጋር የቋንቋ መምህር ይገባል፤ ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃዎችን ለምንባቡና ለቃላቱ ይወስዳል። ውጤቱ ሲታይ ተማሪዎቹ በሥነ ልቦናው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተማሩት አላነሱም፤ በቋንቋውም የቋንቋ ኮርስ ብቻ ከወሰዱት አልተበለጡም። በአንድ ኮርስ ሰዓት ሁለት ትምህርት አገኙ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መሰመር አለበት። የኦታዋ ተማሪዎች ወደዚያ ክፍል የገቡት ቋንቋውን በመጠኑ ይዘው ነው። ይዘትን በሁለተኛ ቋንቋ መስጠት ብቻውን ተአምር አይሠራም። ቢሠራማ ኖሮ ኢትዮጵያ በዓለም የታወቀች ተናጋሪ በሆነች! በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ (ዓ.ም) የነበረውን የፕላዝማ ትምህርት ያየ ያስታውሳል። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በጥሩ እንግሊዝኛ ይፈስሳል፤ አይቆምም፣ አይጠይቅም፣ ያልገባውን አያይም። የክፍሉ መምህር ዳር ቆሞ ይመለከታል። ይዘት ነበረ፣ እንግሊዝኛ ነበረ፤ ድጋፍ ግን አልነበረም። ዋና የማይችልን ሰው ባሕር ውስጥ ወርውሮ «ዋና እያስተማርኩ ነው» ማለት ይህ ነው። የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ክፍል ከፕላዝማው የሚለየው ስላይዱን የሚያነበው ሰው በአካል መገኘቱ ብቻ ነው።

*ማን ይጠቀማል? ማን ይከፍላል?*

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ሆነ። ይህ ሁሉ በቋንቋ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። የመምህር እጥረት አለ፣ መጽሐፍ የለም፣ ጦርነት ነበረ፣ ኩረጃም ለዓመታት ሥር ሰድዶ ነበር። ግን ፈተናው ፊዚክስም ሆነ ታሪክ የሚጠየቅበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውን ያልተረዳ መልሱን ያውቅ እንደሆነ እንኳ የሚታወቅበት መንገድ የለም።

ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በሪሚዲያል በኩል፣ ጥቂቶቹ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። እዚያ ሁለት ዓይነት ተማሪ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንዱ ከአዲስ አበባ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ከሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት መጥቷል። ሌላዋ ከወረዳ ትምህርት ቤት መጥታለች፤ ፊዚክስን ጎበዝ ናት፣ እንግሊዝኛዋ ግን መምህሯ ከነበራቸው አይበልጥም። ለአንዱ ስላይዱ ስላይድ ነው፤ ለእርሷ ግድግዳ ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ እሱ «ጎበዝ»፣ እርሷ «ደካማ» ትባላለች። የተለካው ግን ፊዚክስ አይደለም። የተለካው የወላጅ ኪስ ነው።

ታዲያ ይህ ለምን ይቀጥላል? «የስ» ለሁሉም ስለምትመች ነው። መምህሩ ምዕራፉን ይጨርሳል። ተማሪው ሳይዋረድ ከክፍል ይወጣል። ዲፓርትመንቱ «ኮርሱ ተሸፍኗል» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ዩኒቨርሲቲው ያስመርቃል። የማትመቸው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ለፈተናው ቀን። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የመውጫ ፈተና ያን ቀን አምጥቶታል። 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። አራትና አምስት ዓመት «ገብቶኛል» ሲባል የኖረው ነገር በአንድ ጠዋት ኮምፒውተር ፊት ይመረመራል። ተማሪው ብቻውን ይቀመጣል። «የስ» ያስባሉት ሁሉ በዚያች ሰዓት አጠገቡ የሉም።

አሁን ደግሞ ቻት ጂፒቲ መጥቷል። አሳይመንቱ በአንድ ደቂቃ በሚያምር እንግሊዝኛ ተጽፎ ይቀርባል። መምህሩ ይጠረጥራል፣ ማስረጃ የለውም፣ ነጥቡን ይሰጣል። ድሮ ከሸመደደው አንቀጽ ቢያንስ ጥቂት ቃል በራሱ ላይ ይቀርለት ነበር። አሁን ያም ቀርቷል።

*«ግን እኮ...»*

«ችግሩ ከታች ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ምን ያድርግ?» የሚል አለ። ከታች መሆኑ እውነት ነው። ግን ልጁ አሁን በሩ ውስጥ ነው። ሐኪም ቤት የገባን በሽተኛ «በሽታህ የጀመረህ ቤትህ ነው» ብሎ የሚመልስ ሐኪም የለም። ደግሞስ የታችኛውን ክፍል መምህር የሚያስመርቀው ማን ነው? ያው ዩኒቨርሲቲ ነው። ያልገባውን «የስ» ብሎ የተመረቀው ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ «ክሊር?» ብሎ ይጠይቃል። አዙሪቱ የሚቆረጠው ከላይ ነው።

«እንግሊዝኛው ይቅርና በአገር ቋንቋ ይሁን» የሚሉም አሉ። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ ሰው በሚያስብበት ቋንቋ ቢማር በደንብ እንደሚማር ማንም አይክድም። ግን ከየክልሉ የመጡ፣ አፋቸውን በልዩ ልዩ ቋንቋ የፈቱ ተማሪዎች በአንድ ዶርም በሚያድሩበት ካምፓስ የትኛው ቋንቋ እንደሚሆን ለመወሰን፣ መጻሕፍቱንም ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ያስፈልጋል። የዛሬው ፍሬሽማን ያን ጊዜ አይጠብቅም። ነገ ቋንቋው ቢቀየር እንኳ የሕክምናውና የምሕንድስናው ንባብ ለረጅም ዘመን በእንግሊዝኛ መቅረቱ አይቀርም። ላም አለኝ በሰማይ እየተባለ የዛሬው ጥጃ አይራብ።

«የእንግሊዝኛ መምህሩ ባዮሎጂ አያውቅም» ይባላል። እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። ከሚያውቀው አጠገብ እንዲቀመጥ ነው የሚጠበቀው። እንዲያውም ሳያውቅ መግባቱ ይጠቅማል፤ ጽሑፉ ለአዲስ አንባቢ የት ላይ እንደሚከብድ ቀድሞ የሚታየው ለእርሱ ነው።

«እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ እንጂ የቋንቋ መምህር አይደለሁም» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የበዛ ነው። የላብራቶሪ ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ፣ ውጤት ከግምት በምን ቃል እንደሚለይ የሚያውቀው ማን ነው? የእንግሊዝኛ መምህሩ አያውቀውም። ኬሚስትሪ የሚነገርበትን ቋንቋ ሳያስተምሩ ኬሚስትሪን ማስተማር አይቻልም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ይዘቱ እንዳይቀንስ። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ቋንቋውን ለማቅለል ሲባል ትምህርቱም ከቀለለ ትርፉ ኪሳራ ነው። ግን ዛሬ ሙሉ ነው የሚባለው ይዘት ስንቱ ተማሪ ጋ ይደርሳል? አሥር ምዕራፍ ተሸፍኖ ሁለቱ ከሚገባ፣ ሰባት ተሸፍኖ ስድስቱ ቢገባ ይሻላል። መሸፈን ማስተማር አይደለም።

*ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ*

ይህ ነገር አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል ከፍተዋል። ማዕከሉ ግን የፈለገ የሚመጣበት ክፍል ሆኖ፣ የሚቸገረው ተማሪ ደጁን ሳይረግጥ ይመረቃል። ማዕከሉ ተማሪውን መጠበቁን ትቶ ወደ ክፍሉ ይሂድ።

አንድ ኮሌጅ በአንድ ኮርስ ይጀምር። የአንደኛ ዓመት እንግሊዝኛ ከኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ጋር ይጋባ። በዚህ ሳምንት ጂኦግራፊው ስለ ተፋሰስ ካስተማረ፣ እንግሊዝኛው በዚያው ሳምንት ያንኑ የተፋሰስ ምንባብ ይፍታ። ሐረጉን ወደ ግሥ መልሶ፣ ግሡን ወደ ሐረግ አስሮ፣ «ኮምፔር» ለሚል ጥያቄ አባይንና ዋቢ ሸበሌን ጎን ለጎን አስጽፎ ያለማምድ። የዱር እንስሳቱ ምንባብ ክፋት የለውም፤ ግን ነገ የሚፈተንበት የለም። የሚያስጨንቀው ነገር ያልተነካበት ቋንቋ በተማሪ ጭንቅላት ውስጥ አያድርም።

ሁለቱ መምህራን አንድ አሳይመንት አብረው ይስጡ። አንዱ ይዘቱን፣ ሌላው ቋንቋውን ይይ። የተበላሸው ወረቀት በቀይ እስኪርብቶ ተቀልሞ ከመመለስ ይልቅ እንደገና እንዲጻፍ ይደረግ፤ ነጥቡ የሚያዘው ከታረመ በኋላ ይሁን። የተወሰነው ክፍል እዚያው በእጅ ይጻፍ፤ ቻት ጂፒቲ እዚያ አይገባም።

በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ መወያየት ከድብቅነት ይውጣ። ተማሪዎቹ በሚገባቸው ቋንቋ ይከራከሩ፤ የደረሱበትን ግን በእንግሊዝኛ ይጻፉት፣ በእንግሊዝኛ ያቅርቡት። ዛሬ መምህሩ በአማርኛ ያብራራል፣ አማርኛው የማይገባው ተማሪ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቀራል። ድልድዩ ታስቦ ሲሠራ ያ ተማሪም ይሻገራል።

ከሁሉም በላይ የመምህራኑ ድካም ይቆጠር። አብሮ መዘጋጀት ሥራ ነው፤ ከሎድ ላይ ይታሰብ፣ ይከፈልበት። በኑሮ ውድነት የሚንገላታን መምህር «ለአገር ብለህ» ብሎ ተጨማሪ ሥራ መጫን ያው የተለመደው ዘመቻ ይሆናል፤ ዘመቻ ደግሞ ባነሩ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል።

*አንዲት ጥያቄ*

ይህ ሁሉ ቢዘገይ እንኳ ነገ ጠዋት የሚቻል ነገር አለ። መምህሩ ስላይዱን አንብቦ ሲጨርስ «ክሊር?» ብሎ መጠየቁን ይተው። በምትኩ «ይህን በራሳችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት» ይበል። ሦስት ደቂቃ ይስጥ። በመደዳዎቹ መካከል እየተዘዋወረ ይይ።

የመጀመሪያው ቀን ያስደነግጣል። ባዶ ወረቀት ያያል፣ ከስላይዱ የተገለበጠ ያያል፣ ከመሀል አንዷ ደግሞ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እውነተኛ ሐሳብ ጽፋ ያያል። ከክፍሉ ድምፅ ውስጥ ለዓመታት ያልሰማውን በዚያች ሦስት ደቂቃ ያነበዋል። ዲፓርትመንቱ ስለ ይዘት መሸፈን የሚጽፈው ሪፖርት ሁሉ ከዚያ ወረቀት ጋር ይነጻጸር።

የትምህርት አመራሩ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሁን ካለ፣ ያንን ቋንቋ በትምህርቱ ውስጥ የማስተማር ግዴታም አብሮ የእርሱ ነው። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ አሥራ አምስቱ ሰዓት በየሳምንቱ አለ፣ መምህራኑ አሉ፣ ተማሪዎቹም ተቀምጠዋል። ግዴታውን የማይወጣ ከሆነ ግን ሌላ ቢቀር አንድ ነገር ያድርግ፤ ተማሪውን «እንግሊዝኛ አይችልም» ብሎ መክሰሱን ያቁም።